በረዶው ሳይጥል ተራራ ለሚወጣ፦ ብሬከንሪጅ፣ ፍሪስኮ፣ ሌድቪል ወይስ ስቲምቦት?

ኦክቶበር አጋማሽ፣ ሰኞ ጠዋት። ኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ባለችው ብሬከንሪጅ፣ ዋናው መንገድ ላይ ቡና ፍለጋ ሦስት በር ሞከርኩ። ሦስቱም ዝግ። አንደኛው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ኖቬምበር እንገናኝ» ይላል። ቀና ስል የበረዶ ሸርተቴው ወንበሮች ሽቦው ላይ እንደተንጠለጠሉ ቆመዋል። መሰላል ላይ የወጣ ሰውዬ የሱቅ መስኮት ይቀባል። የፈረንጅ ገና ሲደርስ መርገጫ የሚጠፋበት መንገድ ያን ቀን የእኔና የቀለም ቀቢው ነበር።

መስከረም በጠባ ቁጥር ከኦሮራና ከዴንቨር ስልክ ይደወልልኛል። ጥያቄው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ዘንድሮ ተራራ ወጥቼ ልሠራ አስቤያለሁ፣ የቱ ከተማ ይሻለኛል?» ይላል። ሌላው «ሰው ሳይበዛ፣ ዋጋው ሳይሰቀል፣ ሁለት ሦስት ቀን አረፍ ብለን ብንመለስስ?» ይላል። የሚጠይቁኝ ሁለት ክረምት እዚያ ሆቴል ውስጥ ስለሠራሁ ነው። መልሱ ለሁለቱ አንድ አይደለም። ሁለቱንም ግን ከተማዋን በሞተችበት ሳምንት እዩዋት እላለሁ። ጃንዋሪ ላይ የማያምር የለም። ኦክቶበር ላይ ክፍት ሆኖ የምታገኙት ሱቅ ግን ክረምቱን ሙሉ የምትገዙበት ነው። መንገድ ላይ ሰላም የሚላችሁም እውነተኛው ነዋሪ ነው።

(ክረምት ስል የበረዶውን ማለቴ ነው። የእኛ ክረምት ዝናቡ ነበር፤ እዚህ ከመጣን ወዲህ ቃሉን ለበረዶ አውሰነዋል።)

ጭር የሚለው መቼ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ጭር ያለ ጊዜ አይደለም። አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ወርቅ የሚመስለው ያኔ ነው፤ ልክ መስቀል ሰሞን። ጋራው አደይ አበባ የተነሰነሰበት ይመስላል። ታዲያ ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ አይደለንም። ከብሬከንሪጅ በላይ ያለው የቦሪየስ ፓስ ጥርጊያ መንገድ ቅዳሜና እሁድ በመኪና ይታነቃል። ሆቴሎቹም ያን ሰሞን ለዋጋ አይራሩም።

እውነተኛው ጭርታ ከኦክቶበር ሁለተኛ ሳምንት እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። አራፓሆ ቤዝንና ኪስቶን የሚባሉት የሸርተቴ ተራሮች ብዙ ጊዜ ኦክቶበር ውስጥ ይከፍታሉ። ብሬከንሪጅ ግን ኖቬምበርን ይጠብቃል። በመሃል ባሉት ሳምንታት መኝታ ይረክሳል፤ ክፍት የቀሩት ምግብ ቤቶችም አንድ ለገዛ አንድ በነጻ ይላሉ። ቀን ፀሐዩ ጃኬት ያስወልቃል፣ ሌሊት ውርጩ ይወርድና ጠዋት የመኪና መስታወት ስትፍቁ ትገኛላችሁ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለዚህ አገር ይመስላል። ችግሩ አጥንቱን የሚቀቅለው ምግብ ቤት ራሱ እረፍት ላይ መሆኑ ነው።

ከሚያዝያ ጀምሮ ሌላ ጭር ያለ ወቅት አለ። «የጭቃ ወቅት» ይሉታል። ስሙ በቂ ነው፣ አልጨምርበትም።

ለሥራ የምትወጡ ከሆነ የኦክቶበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አይለፏችሁ። ከዚያ በኋላ የክረምት ሠራተኛው ከየስቴቱ ይጎርፋል፤ ቆይቶም ከደቡብ አሜሪካ የሚመጡ ተማሪዎች ይጨመራሉ። ያኔ ለአንድ ክፍል ሃያ ሰው ነው የሚደውለው።

መንገዱ፣ ጎማውና ሳንባው

ወደ አራቱም ከተሞች የተለመደው መንገድ ኢንተርስቴት 70 ነው። መንገዱ ወጥቶ ወጥቶ የአይዘንሃወር ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዋሻው 3,401 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ በ1973፣ ሁለተኛው በ1979 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የምትኖሩት እንግዲህ ከዋሻው ማዶ ነው። በረዶ በርትቶ ወይም አደጋ ደርሶ መንገዱ ሲዘጋ፣ ኦሮራ ያለው ዘመዳችሁ ባሕር ማዶ ያለ ያህል ይርቃል።

ስለዚህ ከቤት በፊት ጎማ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ላይ የኮሎራዶ ሕግ የጎማችሁን ጥርስ ይጠይቃል፤ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ። ጎማው የክረምት ወይም የጭቃና የበረዶ ምልክት ያለው መሆን አለበት። በአራቱም እግሩ የሚነዳ መኪናም ከጥርሱ ልክ አያመልጥም። ይህ ከሌላችሁ ሰንሰለት ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ከተማ ውስጥ ሊሾ በሆነ ጎማ ስንቱን ዓመት ተገፍቷል፤ እዚያ ግን ጨዋታ የለም። ጎማውን ኦሮራ እያላችሁ ቀይሩት። የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ የጎማ ቤቱ ወረፋ ቀን ሙሉ ይበላል።

ከፍታውም ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«ከደብረ ብርሃን ይብርዳል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ከደብረ ብርሃንም ከፍ ይላል።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ወጣህ?»

እውነቷን ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ነው፤ ብሬከንሪጅ 2,926። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ መኩራራት አይሠራም። ሰውነት ከፍታን ቶሎ ይረሳል፤ ኦሮራ ዓመታት ከኖራችሁ እንደማንኛውም ሰው ራስ ምታቱና እንቅልፍ ማጣቱ ያገኛችኋል። ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ በቀጥታ የምትመጡ ደግሞ አንድ ሁለት ሌሊት ዴንቨር እደሩ። ውሃ ጠጡ፤ የመጀመሪያ ቀን ቢራው ይቅርባችሁ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ አፍንጫ ሊነስር ይችላል፤ አትደንግጡ።

ብሬከንሪጅ፦ ለዓይን እሷ፣ ለኪስ ግን…

በ1859 ወርቅ ፈላጊዎች የቆረቆሯት ከተማ ናት። የበረዶ ሸርተቴው በ1961 ተጀመረ። ቀለም የተቀባቡ የእንጨት ቤቶች፣ መሃል የሚያልፍ ወንዝ፣ ከጀርባ ተራራው። ለሁለት ቀን ሽርሽር ከአራቱ የማስቀድመው እሷን ነው። ኦክቶበር ላይ መኪናችሁን አቁማችሁ ሁሉን በእግር ታዳርሳላችሁ።

ለመኖር ግን ሌላ ነው። ሥራ ሞልቷል፤ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ሰው ይፈልጋል። የሚጠፋው መኝታ ነው። አብዛኛው ቤት ባለቤቱ የማይኖርበት ወይም በአዳር ለእንግዳ የሚከራይ ነው። የእኔን ጉድ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ያገኘሁት ቤዝመንት ነበር። ኪራዩ ለሰፈሩ የማይታመን ርካሽ፣ አከራዩም ጨዋ ሰው። መያዣና የመጀመሪያ ወር ከፈልኩ፣ ፈረምኩ፣ ምጣዴን ሰካሁ። የታንክስጊቪንግ ማግስት ሰውዬው ደውሎ «ዕቃህን የምታወጣው በየትኛው ቀን ነው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ውሉን አውጥቼ ሳነብ ሁለተኛው ገጽ ላይ ዲሴምበር 15 ያበቃል ይላል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ለበዓል እንግዳ በአዳር ሒሳብ ይከራያል፤ ርካሽ የሆነውም በባዶ ወራት የሚጠብቅለት ሰው ስለፈለገ ነው። ሰውዬው አልዋሸኝም። እኔ ነኝ የኪራዩን ቁጥር ብቻ ያነበብኩት።

ኦክቶበር ላይ «አገኘሁ!» ስትሉ መጀመሪያ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ኤፕሪል አጋማሽን ካላለፈ የክረምት ቤት አይደለም። ብሬከንሪጅ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቀጣሪው መኝታ ሲሰጣችሁ ብቻ ሂዱ። ከደባል ጋር ጠባብ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ግን ዲሴምበር 15 ማንም አያስወጣችሁም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሥራውን ስትለቁ ክፍሉንም ነው የምትለቁት። የመልቀቂያውን ጊዜ በጽሑፍ ጠይቁ።

ፍሪስኮ፦ የማትፎክረው

ከዚያ ቤዝመንት ስወጣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሶፋዋን ለሁለት ሳምንት ሰጠችኝ፤ ፍሪስኮ። ከብሬከንሪጅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ድረስ ፍሪስኮ ለእኔ ነዳጅ የሚቀዳበት ቦታ ነበር።

ፍሪስኮ ውስጥ የበረዶ ሸርተቴ ተራራ የለም። ሥዕል የሚያስነሳ ነገር ከተባለ የዲለን ሐይቅ ነው፤ እሱም በሰው እጅ የተሠራ። ግድቡ በ1963 አለቀ፤ ውሃው በተራራው ሆድ ውስጥ 37 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ዋሻ ወደ ዴንቨር ይወርዳል። ዴንቨር ሻይ ያፈላ ሁሉ ከዚህ ውሃ ሳይቀምስ አልቀረም።

ለኑሮ ግን የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ነው። የአውራጃው ሆስፒታል ፍሪስኮ ነው። ዎልማርትና ሴፍዌይ ፍሪስኮ ናቸው። ከሁሉ በላይ የአውቶቡስ መናኸሪያው እዚያ ነው። ሰሚት ስቴጅ የሚባለው የአውራጃው አውቶቡስ በነጻ ወደ ብሬከንሪጅ፣ ኪስቶን፣ ኮፐርና ሲልቨርቶርን ይወስዳል። ቡስታንግ የሚባለው የስቴቱ አውቶቡስ ደግሞ ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ፍሪስኮ ያቆማል። መኪና ለሌለው ሰው ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል። አንዱ ሥራ ባይስማማችሁ ቤት ሳትቀይሩ ሌላ ተራራ ላይ ትቀጠራላችሁ። በብሬከንሪጅ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ይህ ነጻነት የለም።

ጉድለቷን አልደብቅም። አውራ ጎዳናው ጆሮዋ ሥር ነው፤ ሌሊት የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አጥንት ድረስ ይገባል። ኪራይም ረከሰ የሚባል አይደለም። ጎረቤቷን ሲልቨርቶርንን አብራችሁ ፈልጉ፤ አውቶቡሱ ያገናኛቸዋል።

ሌድቪል፦ ብርዱን ለቻለ

3,094 ሜትር፣ እንጦጦ ጫፍ ልትደርሱ ጥቂት ሲቀራችሁ ማለት ነው። በ1880 ከዴንቨር ቀጥሎ የኮሎራዶ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ነበረች። ብር ከመሬት ይዛቅ ነበር። በ1879 የተሠራው የቴቦር ኦፔራ ቤት ዛሬም ዋናው መንገድ ላይ ቆሟል። ብሩ ወደቀ፣ ሰው ተበተነ፤ አሁን ነዋሪዋ ከ3,000 አይበልጥም። ከደጃፏ የኮሎራዶ ረጅሙ ተራራ ኤልበርት ይታያል፤ 4,401 ሜትር። ከእኛ ራስ ዳሸን ዝቅ ይላል፤ ይህን ለነዋሪዎቹ ስነግራቸው ደስ አይላቸውም።

ሌድቪልን የምወዳት ለሽርሽር ብቻ ስላልተሠራች ነው። ኦክቶበር ላይ ስትሄዱ ያን ያህል አትሞትም፤ ትምህርት ቤቱ፣ የማዕድን ሠራተኛው፣ ነዋሪው ስላለ ቁርስ ቤቱ ክፍት ነው። ቤትም ከሌሎቹ ይቀላል። ለዚህም ነው ኮፐርና ቬይል የሸርተቴ ተራሮች ላይ የሚሠራ ብዙ ሰው እዚህ የሚያድረው።

ዋጋው የሚከፈለው በመንገድ ነው። ወደ ኮፐር የሚያደርሰው የፍሪሞንት ፓስ ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። ሌሊት ሥራ ጨርሶ በዚያ መመለስ ቀልድ አይደለም። የሠራተኛ አውቶቡስ በሁለቱም አቅጣጫ አለ፣ ግን ምልልሱ ጥቂት ነው፤ ካመለጠ አመለጠ። ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እዚያ ቤት አይያዝ። ጥሩ መኪና፣ የቀን ፈረቃና ጠንካራ ጤና ካላችሁ ግን ገንዘብ የምትቋጥሩት እዚህ ነው።

ስቲምቦት ስፕሪንግስ፦ ልጆች ላለው

ይቺ ከሦስቱ ተለይታ ወደ ሰሜን ርቃለች፤ ከዴንቨር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቁመቷ 2,052 ሜትር ብቻ ስለሆነ ትንፋሽ አይቆርጥም። ከከተማ ስትወጡ ላም ነው የምታዩት፤ የከብት አርቢ አገር ነበረች፣ አሁንም ናት። ፍልውሃም አላት። ሃውልሰን ሂል የሚባለው የከተማው ትንሽ ተራራ ከ1915 ጀምሮ ሸርተቴ አላቋረጠም፤ የሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት በኋላ የሚውሉት እዚያ ነው። የከተማ አውቶቡሱ ነጻ ነው፣ ሆስፒታል አለ፣ ገበያው ትልቅ ነው። በቤተሰብ ተጠቃልሎ ለሚሄድና ለመቆየት ላሰበ ሰው የማስቀድመው ይህን ነው።

ግን ሩቅ ናት። ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ጤፍ ገዝቶ በዚያው ቀን መመለስ የለም። ክረምቱን ብቻዬን ልሥራ ለሚል ወጣት ብቸኝነቱ ይከብዳል። እኔ አልቻልኩትም ነበር።

ቤቱን ስታዩ

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂዱ። በራፉ ላይ ፀሐይ አለ ወይስ ጥላ? ኦክቶበር ላይ ለውጡ አይታይም። ጃንዋሪ ላይ ግን ፀሐይ የማያገኘው ደረጃ እስከ ማርች በረዶ ግግር ሆኖ ይቆያል፤ ወገብ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ማሞቂያው በምን እንደሚሠራ ጠይቁ። ጋዝ ከሆነ ደህና። ግድግዳ ሥር የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ከሆነ ያለፈውን ጃንዋሪ ቢል አሳየኝ በሉ፤ አላሳይም ካለ መልሱ ራሱ ያ ነው። የእንጨት ምድጃ ካለ እንጨቱን ማን እንደሚገዛ ይታወቅ። ስትወጡ ማሞቂያውን አታጥፉ፤ ብዙ ውል ከ55 ፋራናይት በታች አታውርዱ ይላል፣ ቧንቧ ይፈነዳልና። ብርዱ በጠናበት ሌሊት የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን በር ከፍታችሁ ቧንቧው ሙቀት ያግኝ።

መኪና የት ይቆማል? በረዶ ጠራጊው እንዲያልፍ ሲባል ማታ መንገድ ዳር ማቆም የሚከለከልባቸው ሰፈሮች አሉ። ለጠራጊ የሚከፍለውም ማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ። አካፋ አከራዩ ጋ አለ ብላችሁ አትመኑ።

ስለ ወጥ ቤቱም አንድ ነገር። ውሃ በዚያ ከፍታ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስሩ፣ ሽንብራው፣ ሥጋው ሁሉ ይዘገያል። ፕሬዠር ኩከር ሳትይዙ አትውጡ። እንጀራው ደግሞ በብርድ አይፈላም። እኔ የመጀመሪያውን ሊጥ አራት ቀን ጠብቄ ዝም አለኝ። በኋላ የውሃ ማሞቂያው ያለበትን ጠባብ ቁም ሳጥን አገኘሁ፤ ባልዲውን በፎጣ ጠቅልዬ እዚያ ሳስገባው በማግስቱ ዓይን አወጣ። ቤት ሲያዩ የውሃ ማሞቂያውን በር ከፍቶ በእጁ ሙቀት የሚለካ ተከራይ ከእኔ በቀር አላየሁም።

እንግዲህ የቱ?

ለሁለት ሌሊት እረፍት ከሆነ ኦክቶበር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ብሬከንሪጅ። ምግብ ቤቱ ክፍት መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ። መኪና ከሌላችሁ ወይም የመጀመሪያ ክረምታችሁ ከሆነ ፍሪስኮ፤ ብዙም አላመነታም። ገንዘብ ለማጠራቀም ሌድቪል። ልጆች ካሉ ስቲምቦት። ብሬከንሪጅ መኖር የግድ ካላችሁ ከቀጣሪ መኝታ ጋር።

ቀጣሪው ጋ ስትፈርሙ የበዓላችሁን ቀን ያኔውኑ አንሱ። ከፈረንጅ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው እረፍት ብትጠይቁ ይስቁባችኋል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ግርግሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። ጥምቀት ግን ከማርቲን ሉተር ኪንግ ረጅም ሳምንት መጨረሻ ጋር እየተጋጨ ያስቸግራል። ኦክቶበር ላይ የጠየቀ ያገኘዋል፣ ጃንዋሪ ላይ የጠየቀ ይቀራል።

ሲጫን ደግሞ ጋቢው፣ በርበሬው፣ ጤፉ ከኋላ ይሁን። እርሾውን ግን ከፊት ወንበር ሥር አድርጉትና ክዳኑን ላላ አድርጉለት። ጥብቅ አድርጌ ዘግቼው ዋሻው ጋ ስደርስ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ዕቃው እንደ ፊኛ ተነፍቶ ክዳኑን አሽቀነጠረው። መኪናው እስከ ፋሲካ እርሾ እርሾ ይል ነበር።